ወዝን ቆሻሻ ያለው ማነው?

«ፊትሽን በምን ታጠቢያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ ድሮ መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ በሳሙና። ዛሬ መልሱ ዝርዝር ሆኗል። መጀመሪያ ክሌንዘር፣ ቀጥሎ ቶነር፣ ከዚያ ሴረም፣ ከዚያ ሞይስቸራይዘር፣ ቀን ከሆነ ደግሞ ሰንስክሪን። ዶርም ውስጥም ካፌም ይወራል። ሴቶቹም ያወራሉ፣ ወንዶቹም ያወራሉ (ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው እንጂ)። እኔ ዛሬ ስለ ዝርዝሩ በሙሉ ላወራ አልመጣሁም። የማነሳው ከመካከላቸው አንዱን፣ በጥጥ ተደርጎ ፊት የሚጠረግበትን ቶነርን ብቻ ነው።

ለምን ቶነር? ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ እንደ ቶነር የተለያየ መልስ የሚሰጥበት ነገር ስላላገኘሁ ነው። ክሌንዘር ያጥባል። ሞይስቸራይዘር ያለሰልሳል። ሰንስክሪን ከፀሐይ ይከላከላል። ቶነርስ? ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሳስብ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። የዶርም ጓደኞቼ «የፊት ቀዳዳ ይዘጋል» አሉኝ። ፍኖተ ሰላም አንድ ኮስሞቲክስ ቤት የምትሸጥ ልጅ «ሳሙና ያላወጣውን ቆሻሻ ያወጣል» አለችኝ። ቡሬ ያገኘኋት ሌላዋ ሻጭ ደግሞ ፊቴን ገርመም አድርጋ «ያቀላል፤ ለአንቺ ጥሩ ነው» አለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሥራ፣ አንድ ዕቃ። ዋጋው ደግሞ ከኪሎ ቅቤ ጋር የሚፎካከር!

በእኔ እምነት ለአብዛኞቻችን ቶነር ሥራው ያለቀ ሠራተኛ ነው። የተቀጠረበት ሥራ ነበረው፤ ያ ሥራ ዛሬ የለም፤ ደመወዙን ግን እየተቀበለ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን የገንዘብ ብክነት ነው ብዬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን «ቆዳ እንክብካቤ» የሚባለውን ነገር በቶነር በኩል ማየት ስንጀምር ጤነኛውን እንደ በሽተኛ፣ በሽተኛውን ደግሞ እንደሌለ እየቆጠርን ነው። ይህን ደግሞ የምናሰራጨው እኛው ነን፤ ጋዜጠኞችና ነገ ጋዜጠኛ የምንሆነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሰው ቆዳ ላይኛው ሽፋኑ ኮምጠጥ ያለ ነው። ፒኤች በሚባለው መለኪያ 7 መሃል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ ያለው አልካላይ ይባላል። የጤነኛ ቆዳ ገጽ በአብዛኛው 5 አካባቢ ነው። ሻዴ እና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ሁለት የጀርመን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1928 ይህንን ነገር «የአሲድ ካባ» ብለው ሰየሙት። ካባ ማለታቸው ያለ ነገር አይደለም። ከላብ፣ ከወዝና ከቆዳው ሕዋሳት የሚገኘው ይህ ስስ ሽፋን ጀርም እንዳይራባ፣ በቆዳ ውስጥ ያለው እርጥበትም ተኖ እንዳያልቅ ያግዛል።

ሳሙና ደግሞ የሚሠራው ከስብና ከአልካሊ ነው፤ ፒኤቹም 9 እና 10 አካባቢ ነው። ስለዚህ በሳሙና ስንታጠብ ካባው ለጊዜው ይነሳል፤ ፊታችንም ጭምድድ ይላል። በተለይ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ሳሙናው ከውሃው ጋር ተዋህዶ በደንብ የማይለቅ ነገር ፊት ላይ ይተዋል። የድሮ ቶነር የተሠራው ለዚህ ነው፤ የሳሙናውን ትራፊ ለመጥረግና ኮምጣጣነቱን ቶሎ ለመመለስ። ፈረንጆቹ ፊታቸውን በቅባት (ኮልድ ክሬም በሚሉት) በሚያጸዱበት ዘመን ደግሞ የቅባቱን ትራፊ ለማንሳት ያገለግል ነበር። ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የውበት ዕቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲመሠረት ሳሙና፣ ማጥሪያ ፈሳሽ፣ ማለስለሻ የሚል ባለ ሦስት ደረጃ አሠራር ይዞ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ እኛ ዶርም ውስጥ እንደ ሦስት ጉልቻ፣ አንዱ ቢጎድል ድስቱ የሚደፋ የሚመስለን ያ ቁጥር የተለመደው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ሳሙናው ራሱ ተቀየረ። ደቭ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ሲቀርብ አልካላይ ያልሆነ ማጠቢያ ነበር። ዛሬ ክሌንዘር ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ፒኤቻቸው ለቆዳ እንዲስማማ ተደርጎ የተሠሩ ናቸው። ትራፊ አይተዉም፤ ካባውን እንደ ድሮው አይገፉም። በተራ ሳሙና ብንታጠብ እንኳ ጤነኛ ቆዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኮምጣጣነቱን ራሱ ይመልሳል። እንግዲህ ማጠቢያው ትራፊ ካልተወ ቶነሩ የሚጠርገው ምንድነው? ጥጡ ላይ የምናየው ቡናማ ነገር «አየሽ ቆሻሻውን!» ያሰኘናል። ይህ ከሆነ ግን ፊታችንን በደንብ አልታጠብንም ማለት ነው። መድኃኒቱም እንደገና በውሃ መታጠብ ነው፤ ውሃ ደግሞ ጠርሙሱን ያህል አያስወጣም።

«ቀዳዳ ይዘጋል» ስለሚለውም ልናገር። የፊታችን ቀዳዳዎች በርና መስኮት አይደሉም፤ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ጡንቻ የላቸውም። አልኮል ያለበት ፈሳሽ ሲቀባ ቀዝቀዝ ይላል፣ ቆዳው ለደቂቃዎች ጭብጥ ይላል፣ ቀዳዳው የጠበበ ይመስላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን ስል ግን ሁሉንም ቶነር በአንድ ላይ መፈረጄ አይደለም። ዕቃው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ብዙ ነው። አንዱ በአብዛኛው አልኮል ነው። አንዱ የጽጌረዳ ውሃ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል። አንዱ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ነው፤ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ብጉር ላይ የሚሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚገዛው ሰው የሚያደርገውን ያውቃል። አንዱ ደግሞ ውሃና ግሊሰሪን ነው፤ ይህኛው ደረቅ ቆዳን ያረጥባል። ወደ ግሊሰሪኑ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር አለውና። ስለዚህ ጥያቄው «ቶነር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ሳይሆን «ውስጡ ምንድነው? የማን ቆዳ ላይ? ለምን ሥራ?» የሚል መሆን አለበት። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ብጉር ያለባቸው ሰዎች ቆዳቸውን የሚያስቆጣ ነገር እንዲተዉ ሲመክር ቶነርን በስም ይጠራል። እኛ ጋ ቶነር የሚታዘዘው ግን መጀመሪያ ብጉር ላለበት ሰው ነው!

አሁን ርዕሴ ወዳደረግሁት ቃል ልምጣ። የቶነር ማስታወቂያዎች ሲተረጎሙ በብዛት የሚደጋገም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «የፊትዎን ወዝና ቆሻሻ ያስወግዳል»። ወዝና ቆሻሻ! ሁለቱ በአንድ «ና» ተጣብቀው። አማርኛችን ወዝን እንዲህ አያውቀውም። ሰው ሲታመም «ወዙ ጠፋ» እንላለን። ሲያገግም «ወዙ ተመለሰ» እንላለን። ወዛም ፊት ማለት ያማረ ፊት፣ የጠገበ ፊት፣ የጤና ፊት ማለት ነው። ለነገር እንኳ «ወዝ የለውም» ይባላል፤ ጨዋታ ወዝ ያጣል። በአብዮቱ ዘመን ለሠራተኛው መደብ ስም ሲፈለግ የተመረጠው «ወዛደር» ነበር፤ በወዙ የሚያድር። ይህ ሁሉ የተከበረ ቃል አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ በጥድፊያ ሲተረጎም ከቆሻሻ ጋር አንድ ላይ ተወረወረ። ተርጓሚው ደግሞ ምናልባት የዚህ ዓይነት ትምህርት ክፍል ተመራቂ ነው።

ነገሩ የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን በዚህ መጽሔት አላነሳውም ነበር። ወዝ ከቆዳችን ሥር ካሉ ዕጢዎች የሚወጣ ቅባት ነው። ከላይ የጠቀስኩት ካባ አንዱ ክፍል እርሱ ነው። ጠዋትና ማታ በአልኮል ሲጠረግ ቆዳው ይደርቃል፣ ይፋቃል፣ ያቃጥላል። በእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ጠይም ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቁጣው ካለፈ በኋላ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ምልክቱ ወራት ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ጤነኛ ወዝ ያላት ልጅ «ፊትሽ ቅባት አለው» ትባላለች። ትጠርገዋለች። ያቃጥላታል። ይጠቁራል። ጥቁረቱን ለማጥፋት ወደዚያው ሱቅ ትመለሳለች። ሱቁ ደግሞ ለዚህም መፍትሔ አላጣም።

የቡሬዋ ሻጭ «ያቀላል» ያለችኝን አትርሱ። ይህ መልስ ከሦስቱ በጣም የሚያስፈራኝ ነው። አንድ ዕቃ ቶነር ተብሎ በማቅያነት የሚሸጥ ከሆነ፣ ውስጡ ተራ የጽጌረዳ ውሃ ከሆነ ገዢዋ ተታላለች፤ በእውነት የሚያቀላ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። በማቅያዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እናት ስትቀባው ለፅንስም ይተርፋል። ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጸድቅ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የውበት ዕቃዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ድንበር እንዳያልፉ ወስኖ ነበር። በ2023 ደግሞ አባል አገሮቹ ያቺን አንድ እጅ እንኳ ሰርዘው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ዕቃ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቀር ተስማሙ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም እጅ ማድያትን ለማከም ያገለግላል፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ሊያጠፋው የተፈለገውን ጥቁረት ራሱ ሊያመጣ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ከውበት ዕቃዎች ውስጥ አስወጥታዋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ከቆዳ ማቅያዎች ከልክሎታል። ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው፤ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታዞል የሚባሉት። እነዚህ መድኃኒቶች ናቸው። ለሽፍታ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን የሚቀቡ።

አንዲት የማውቃት ልጅ ስም ያልተጻፈበት፣ በትንሽ ብልቃጥ የተቀመጠ «ቅልቅል» ገዝታ ነበር። ሁለት ወር ያህል አማረባት፤ ሁላችንም ጠየቅናት። ከዚያ ፊቷ ቀላ፣ ቆዳዋ ሳሳ፣ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። ስታቆም ደግሞ ሽፍታው ወጣ። ሐኪም ጋ ስትቀርብ የተጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ውስጡ ምን ነበረበት?» የሚል ነው። መልስ አልነበራትም፤ ብልቃጡም አይናገርም።

በአገራችን ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም ይመለከታል፤ የሚቆጣጠር ባለሥልጣንም አለ። ሆኖም ሕጉ በፍኖተ ሰላም ወይም በጂጋ መደርደሪያ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ብልቃጥ ማየት አይችልም። ገዢዋ ግን ታያታለች። ስለዚህ ገዢዋ ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ የይዘት ዝርዝር፣ አምራችና የሚያበቃበት ቀን የሌለው ዕቃ ፊት ላይ አይወጣም። ይህን ማሳወቅ ደግሞ የማን ሥራ ነው? የእኛ አይደለም?

«እሺ ከሱቅ አንገዛም፣ የቤቱ ይሻላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። የቤቱን ቶነር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሎሚ ነው። ፍኖተ ሰላም የማንጎና የብርቱካን አገር ነው፤ ሎሚም አይጠፋም። ግማሹን ሰላጣ ላይ፣ ግማሹን ፊት ላይ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ ከቆዳችን 5 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የሦስት ቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር አሥር እጥፍ ነውና ሦስት ቁጥር ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ሎሚ፣ በተለይ ትንሿና ክቧ የእኛ ሎሚ፣ ልጣጯ ላይ ፉሮኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላት፤ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ከዚያም ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጠዋት ሎሚ ተቀብቶ ከቀትር በፊት ገበያ መውጣት ማለት ይህን በራስ ላይ መሥራት ነው።

ፀሐዩም የዋዛ አይደለም። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የቀለለ ይመስለናል እንጂ ጨረሩ አልቀለለም። ማድያት የሚባባሰው በዚህ ነው። እናቶቻችን ጃንጥላ ይዘው፣ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ሲሄዱ ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ለቆዳ እንክብካቤ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለጥላ፣ ከተቻለ ለሰንስክሪን ይውጣ። ጥላ ደግሞ ነፃ ነው።

እስካሁን ስለ ፊት አወራሁ። አሁን ግን ወደ እግር ልውረድ። «ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ የሚያገናኘው ያ የአሲድ ካባ ያልነው ነገር ነው። ቆዳ ፊት ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የቆዳ ጉዳይ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ የሚሆነው ከጉንጭ ላይ ሳይሆን ከተረከዝ ላይ ነው። ከደጋና ከወይና ደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው፣ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳው ውስጥ ገብተው ዓመታት ቆይተው እግሩን ያሳብጡታል። ዝሆኔ የምንለው ነው፤ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትልና ትንኝ አያመጡትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት አንዳንዱ ሰው ለዚህ አፈር በተፈጥሮው የበለጠ ተጋላጭ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመውም ለዚህ እንጂ በእርግማን አይደለም። ጫማ ያደረገ ተጋላጭ ግን አይታመምም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ደምበጫ ከፍኖተ ሰላም ብዙም የማትርቅ ከተማ ናት። ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት በአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ማለት ነው። ግን ዳሱ ውስጥ አናያቸውም፤ አፍረው አይመጡማ።

ሕክምናው ምንድነው? ልብ በሉ። እግርን በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ይኸው ነው! በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ ነበር። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ የሚያስተኛ የሕመም ግርሻ ሲያገኛቸው ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ ለአንድ ሰው በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ነው። በግርሻው ጊዜ ገበሬው ተኝቶ ይውላል፤ በሬዎቹም ቆመው ይውላሉ። በሰኔ ወይም በሐምሌ ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ቃል የገባሁትን ግሊሰሪን ላምጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ የተካሄደ ሌላ ሙከራ አለ። የዝሆኔ ታማሚዎች እግራቸውን የሚዘፈዝፉበትን ውሃ በእጅጉ ቀንሰው፣ በውስጡ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመሩበት። የቆዳቸው ካባ ከተለመደው አሠራር በበለጠ ተሻሻለ፤ ውሃም ተረፈ። እንግዲህ ውሃና ግሊሰሪን ምንድነው? ከላይ «ደረቅ ቆዳን ያረጥባል» ያልኩት ቶነር አይደል? በከተማ ሱቅ ውስጥ በሚያምር ጠርሙስ፣ ምንም ላልጎደለው ፊት የሚሸጠው ነገር፣ በገጠር በባልዲ ውስጥ ለተሰነጠቀ እግር ሥራ አገኘ። ቶነር ሥራው አልቋል ያልኩት ለፊታችን ነው። ግሊሰሪን በመድኃኒት ቤት በርካሽ ይገኛል፤ ማስታወቂያ ግን የለውም።

እዚህ ላይ የኛን ሙያ ላንሳ። የውበት ዓምድና የውበት ፕሮግራም መኖሩን አልቃወምም፤ ሰው ማማር ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ብጉር ያለበት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጭንቀት ቀልድ አይደለም፤ እኔም አልቀልድበትም። «የራሳቸው ገንዘብ፣ ምን አገባሽ?» የሚለኝም ልክ ነው፣ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። መረጃው ግን የእኛ ነው። ለልምምድ የምናዘጋጃቸውን የሬዲዮ ፕሮግራሞች እንኳ ብናስታውስ፣ የውበት ክፍል ሲደርሰን የምናደርገው ከእንግሊዝኛ አንድ ነገር ማውረድና መተርጎም ነው። «ሁሌም ቶነር መጠቀም እንዳይረሱ!» እንላለን፤ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። ስለ ፖለቲከኛ ንግግር ሲሆን «ምንጭህ ማነው?» ብለው የሚያፋጥጡን መምህሮቻችን፣ ስለ ቶነር ሲሆን ያልፉናል። የጤና ዜና ከፖለቲካ ዜና ያነሰ ማጣራት የሚያስፈልገው ይመስል።

ስለዚህ ለክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስለ ማንኛውም የቆዳ ዕቃ ስንጽፍ ወይም ስናነብ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ውስጡ ምንድነው? ለማን ነው? ባይኖርስ ምን ይጎድላል? ለሦስተኛው መልስ ያጣንለትን ዕቃ «ያስፈልግዎታል» ብለን አናስተላልፍ። ሁለተኛ፣ ቃላችንን እንጠብቅ። «ወዝና ቆሻሻ» የሚል አረፍተ ነገር በእጃችን ሲገባ «ና»ዋን እንፍታት። ሦስተኛ፣ የውበት ክፍል ካለን የእግር ክፍልም ይኑረን። ለቶነር አምስት ደቂቃ የሰጠ ፕሮግራም ለሳሙና፣ ለቫዝሊንና ለጫማ ሁለት ደቂቃ አያጣም። የሚያዳምጠን የደምበጫ ገበሬ ስለ ሴረም ሊሰማ አይገደድም፤ እግሩ የሚታከም መሆኑን ግን ሊሰማ ይገባዋል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ እርግማን ነው ብለው የተቀመጡት ማንም ስላልነገራቸው ነው።

ቶነር የገዛችሁ ጣሉት አልልም፤ ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብቡት። አልኮል ከፊት ከተጻፈና ፊታችሁን ካቃጠለ ተዉት። ግሊሰሪን ከሆነና ከተስማማችሁ ተጠቀሙበት። «ያቀላል» ከተባለ ከሱቁ ውጡ። ምንም ካልገዛችሁ ደግሞ ምንም አልጎደለባችሁም፤ ታጠቡ፣ ተቀቡ፣ ጥላ ፈልጉ። ወዛችሁንም ተዉት፤ የእናንተው ነው።